የሲባጎው ጫፍ

የውድድሩ ዳኛ ዓባይነህ ሞተሯ ከኋላ ከሆነው ከትንሿ ሰይቼንቶ መኪና ኋላ ተንበርክኮ ሲባጎውን በሁለት ጣቱ አነሳው። ተቆርጧል። ጠዋት የሞተሩን ክዳን በዚህ ሲባጎ አስሮ በቀይ ሰም ያተመው ራሱ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ማኅተሙ ተቆርጦ የተገኘበት ተወዳዳሪ ሞተር ነካክቷል ተብሎ ከውጤት ይሰረዛል፤ አንድ ዓመትም ይታገዳል።

«ልደታን፣ አልነካሁትም ጋሼ!» አለ አንደኛ የወጣው ሾፌር ፍሰሃጽዮን። ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። «የቀደምኳቸው በመሪ አያያዜ ነው!»

«እኔም ሰይቼንቶ እንዲህ ትበራለች እንዴ ብያለሁ!» አለ ከተመልካቹ አንዱ። «ሜዳው የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ መሆኑን ስትሰማ ልቧ ተነሳሳ!»

ሰዉ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተክለጻድቅ ግን አልሳቀም። አንደኛ የሚወጣው ሾፌር ሰኞ ኦራል የጭነት መኪና ይዞ ወደ ግንባር እንደሚዘምት ጠዋት በድምፅ ማጉያ ያነበበው እሱ ነው።

«እሱ ካልቆረጠው ሌላ ሰው ቆርጦታል ማለት ነው» አለ። «ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የስፖርት ነገር አይደለም። አሻጥር ነው። ማን ነው?»

ሳቁ ቆመ።

ዓባይነህ ሲባጎውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ክዳኑም፣ ሰሙም፣ ሲባጎውም ቀይ አቧራ ለብሰዋል። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ግን ነጭ ናቸው። ከውድድሩ በፊት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አቧራው ይበላቸው ነበር። የተቆረጠው አሁን ነው፤ መኪናዋ ከቆመች በኋላ።

ማን ቀረባት? ልጁን ተሸክመው ሲጨፍሩ ሁሉም ከፊት ነበር። አቧራ ልጥረግ ብላ ከኋላ የቀረችው የልጁ እህት አባዲት ብቻ ናት። አሁንም ጨርቁን እንደያዘች ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀሷ ከአንገቷ አይጠፋም። ዛሬ አንገቷ ላይ የሚታየው ክሩ ብቻ ነው፤ መቀሱ ነጠላዋ ውስጥ ገብቷል። ታላቅ ወንድማቸው አምና ዘምቶ እስካሁን ደብዛው የለም።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሁለተኛ የወጣው ማን ነው?» አለ ዓባይነህ፣ እንዳጎነበሰ።

«ሃምሳ አለቃ ባፈና» አሉት። ባፈና የጦሩ ሾፌር ነው፤ ውድድር ኖረም አልኖረም ሰኞ ወደ ግንባር ተመላሽ ነበር።

«ምን አገኘህ ጓድ ዓባይነህ? አሳየኝ እስቲ» አለ ሊቀ መንበሩ። የጫማው ኮቴ ከጀርባው እየቀረበ መጣ።

ዓባይነህ ሊነሳ የፈለገ መስሎ የጎማውን ፓራፋንጎ ተደገፈ። አውራ ጣቱን እዚያ ከተከመረው አቧራ ነከረና ሁለቱን ነጭ ጫፎች አሸ። ቀይ እስኪሆኑ ድረስ ደግሞ አሸ።

«ይኸው» አለ፣ ሲባጎውን እያቀበለ። «ጫፉ ድረስ አቧራ ነው። ከመነሻው በፊት የተቆረጠ ነው፤ ያኔ መኪናዋ በእሱ እጅ ነበረች። ልጁ ራሱ ነው።»

«ሌባ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎችም ተቀበሉት።

ፍሰሃጽዮን የዓባይነህ እግር ሥር ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ዓባይነህ ቀይ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ሸሸገ።