ለሙሽራ የሚሆን ወይራ

ወይራ እውነት ካልሰማ ሥር አልሰድም ካለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያውም ገና ያልተነገረ እውነት፣ ሰው እየሰማ። ከዋሹትማ ቅጠሉን ያረግፋል። የነይርዳው ጎረቤቶች ግቢ በዚሁ ደን ሆኗል፤ ባልና ሚስቱ ግን ከተፋቱ ቆይተዋል።

የይርዳው ልጅ እሁድ ትዳራለች። የወተት ቅሏን የምታጥንበት ወይራ ሳያስይዙ ሙሽራ መሸኘት ነውር ስለሆነ፣ ይርዳው አንዲት የወይራ ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ተክሎ ፊቷ ቁጭ ብሏል። ሚስቱ ዘርትሁን ወገቧን ይዛ ትሰማዋለች።

«የቃል ኪዳን ቀለበቱን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ይኼንንማ አምና ለበሩ ወይራ ነግረኸዋል።»

«እናትሽን እፈራቸው ነበር እንጂ ወድጃቸው አላውቅም።»

«እሱም ጓሮ በቅሏል። ሌላ አምጣ!»

ይርዳው ሆዱን ቢፈትሽ ባዶ ነው። ሚስቱ የማታውቀው አንድ ነገር እንኳ አልተረፈውም። ቁራጯ ላይ አፈጠጠ።

«እንግዲያው ስሚ፣ አንቺ ቁራጭ! ይህችን ሴት ባላገባ ኖሮ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር!»

ቁራጯ አንድ ቅጠል ጣለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁሉንም አራገፈችና እንጨቷ ብቻዋን ቀረች።

ይርዳው አንገቱን ደፋ። ዘርትሁን የረገፈውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አለች።

«ይኼን ሳልሰማ እሞታለሁ ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት» አለቻት ለቁራጯ።

በብርጭቆው ግርጌ፣ ክር የመሰለ ነጭ ሥር አሸዋውን ገፋ አድርጎ ወጣ።