የተሳመው ቦታ

በዚያ ዘመን አርጅቶ የሚቀር ዕቃ አልነበረም። ትርሲት በምትሠራበት በኔዘርላንዱ ቤተ መጻሕፍት ያረጀ መጽሐፍ ሁሉ ማደሻ በሚባል ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ልክ በተጻፈበት ቀን እንደነበረው ነው።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ኔልቸ የሚባሉ አሮጊት፣ ቤተሰባቸው በአደራ ያስቀመጠውን የጸሎት መጽሐፍ ሊያዩ መጡ። ግማሹ በላቲን፣ ግማሹ በሆላንድኛ የተጻፈ፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ሐረግ ያጌጠ ብራና ነው። የስቅለቱን ሥዕል ገለጡና የጌታን እግር በጣታቸው ዳሰሱ።

"እግሩ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ነበር" አሉ።

"ቀለሙ ለቆ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ" አለች ትርሲት በኩራት።

"አምስት መቶ ዓመት ሙሉ የቤታችን ሴቶች የሳሙት ነው። እናቴም እዚያው ላይ ነበር የምትስመው።"

አልተቆጡም። መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉና አመስግነው ወጡ።

ትርሲት የምትገባበት ጠፋት። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየተሳለመች ላደገች ልጅ ይህ እንዴት ይጠፋታል? ወዲያው የእናቷ የጸሎት መጽሐፍ ትዝ አላት፤ ግዕዝና አማርኛው፣ ዳሩ በጣት ወዝ የጠቆረው። አምና ለፋሲካ ስጦታ ብላ በዚያው ሣጥን አሳድሳላት ነበር። እናቷ መርቃ ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲህ ግን የምትጸልየው ባዶ እጇን ነው።

ቤት እንደገባች የእናቷን መጽሐፍ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ማኅደር አውጥታ ከፈተችው። ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ማንም አልገለጣቸውም።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም።

"ደስ ብሎሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።"