ከሼኽ ተራራ የተወሰደችው ሰራተኛ

«አንቺ! እንግዳ ሲገባ ከጓሮ አትውጪ ብዬሽ አልነበር?!»

ጂብሪል ጮኸባት...

አሮጊቷ ባልዲዋን እንደያዘች ወደ ኋላ ተመለሰች።

ቦታው ሼኽ ነው... በርበራን አልፈው ጠመዝማዛውን አቀበት ሲጨርሱ የሚገኝ ትንሽ የተራራ ከተማ። የበርበራ ሙቀት ያቃጠለው፣ የሀርጌሳ አቧራ ያሰለቸው ሁሉ አየር ሊቀይር የሚሄድበት።

ጂብሪል እዚያ ለእረፍት የሚከራይ የድንጋይ ቤት አለው። ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ አማርኛው ልክ እንደ እኛ ነው። እንግዶቹን ተራራ ያስወጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ ፎቶ ያነሳል፣ ፍየል ያስጠብሳል።

ያን ቀን ከሀርጌሳ የመጣችው ናዋል ናት። ጅጅጋ ያደገች፣ ኮድቡር ሰፈር የምትኖር ነጋዴ። ወንድሞቿንና ዓይናቸው የማያይ እናቷን ሀጃ ሳጋልን ይዛለች።

«ተራራ ስንወጣ እናቴን ለማን ልተዋት?» አለችው።

«ሰራተኛዋ አለች፤ አታስቢ።»

ከሰዓት ሲመለሱ...

ሁለቱ አሮጊቶች ዛፍ ስር ተቀምጠው ይስቃሉ! ሰራተኛዋ የሀጃ ሳጋልን እግር አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ዓይን ሆናላቸዋለች።

«አሁን ደመናው አጥሩ ጋ ደረሰ... አሁን ደግሞ አንዱ ዝንጀሮ የጎረቤትን ዳቦ ሰርቆ እየሮጠ ነው...»

ሀጃ ሳጋል እንደ ልጅ ይንከተከታሉ።

«ናዋል፣ ይህችን ሴት ካልወሰድሽልኝ ከዚህ አልነሳም!»

ናዋል ወደ ጂብሪል ዞረች። «እባክህ ልቀቅልኝ። እንደ ቤተሰብ ነው የምይዛት።»

ጂብሪል ሳቀ። ከለንደን የመጡ ሌሎች እንግዶች በረንዳው ላይ ቆመው ይሰማሉ...

«እሷ ደስ ካላት እኔ ምን ቸገረኝ» አለ። እንደማትሄድ እርግጠኛ ነበር።

ሁሉም አሮጊቷን አየ።

«ደስ ይለኛል» አለች።

ጓሮ ወዳለችው ክፍሏ ገብታ ልብሷን በፌስታል መክተት ጀመረች። ጂብሪል ተከትሏት ገባ። በሩን ዘጋና በሹክሹክታ...

«ሆዮ! ምን እያደረግሽ ነው?!»

ሶማልኛ ለማትችሉ... «ሆዮ» ማለት «እማዬ» ማለት ነው።

አዎ። እናቱ ናቸው። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ ልበላቸው...

ዒዲል ይባላሉ። ድሬዳዋ ጉሊት ተቀምጠው ብቻቸውን አሳደጉት። ያ የድንጋይ ቤትም የሳቸው አባት ቤት ነው!

አንድ ጊዜ አንዲት እንግዳ «ቤቱ ያምራል፤ ግን የባለቤቱ እናት ስላሉበት ነፃነት የለውም» ብላ ኢንተርኔት ላይ ጻፈች። ቀጥሎ የመጣው እንግዳ «ሴትየዋ ማናት?» ሲለው ጂብሪል ደነገጠና «ሰራተኛዬ ናት» አለ...

ከዚያ ለመደው።

ዒዲል ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት።

«ቀስ በል ልጄ... እንግዶቹ ይሰሙሃል» አሉት።

ፌስታላቸውን አንስተው ወጡ።

ኮድቡር ከገቡ በኋላ ምስጢሩ ብዙ አልቆየም። ዒዲል ለሀጃ ሳጋል አጫወቷቸው፤ ሀጃ ሳጋል ለናዋል ነገሯት። ናዋል በንዴት ነደደች።

ጂብሪል ግን «ዛሬ ትመለሳለች፣ ነገ ትመለሳለች» እያለ ጠበቀ። በመጨረሻ እንግዶች «ቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ምግቡም አይበላም» እያሉ ሲያማርሩ... ከሀርጌሳ ኤርፖርት እንግዶች ተቀብሎ ሲመለስ በናዋል በር ላይ መኪናውን አቆመ።

«ሰራተኛዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሳቸው ምንህ ናቸው? እውነቱን ንገረኝና አሁኑኑ ይዘሃቸው ሂድ።»

ጂብሪል እንዳወቀች ገባው። ዞሮ መኪናውን አየ... መስኮቱ ክፍት ነው፤ እንግዶቹ ያዩታል።

«ሰራተኛዬ ናት አልኩሽ እኮ!»

ዒዲል ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር...

ድምፁን ሲሰሙ ነው የተነሱት። ጫማቸውን አድርገው፣ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው... ሊሄዱለት!

ናዋል በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ዒዲል ጫማቸውን አውልቀው ተመልሰው ገቡ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ታመሙ። ትኩሳቱ ሲጠናባቸው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር።

«ጂብሪል መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው» ትላቸዋለች ናዋል።

«ቁልቁለቱ መጥፎ ነው... ቀስ ብሎ ይንዳ በይው» ይላሉ ፈገግ ብለው።

ናዋል ግን አልደወለችለትም... አንድም ቀን!

ዒዲል በሩን እያዩ አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን...

የናዋል ወንድሞች ቀበሯቸው።

ጂብሪል የሰማው ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ መሃል ነው። አንድ የሚያውቀው ነጋዴ አስቆመውና...

«ያቺ ሼኽ የነበረች ሰራተኛህ ሞተች አሉ። አላህ ይማራት» አለው።

«አሚን» አለ ጂብሪል።

አሚን ብሎ መንገዱን ቀጠለ... ትንሽ እንደሄደ ሰውና ጋሪ በሚተራመስበት መንገድ መሃል መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?» ብለው ሰዎች ተሰበሰቡ።

«እናቴ ሞታ...» አለ።

«መቼ?»

መቼ እንደሞተች እንኳ ነጋዴውን አልጠየቀውም ነበር።

ወገኖቼ... ሰው እናቱን የሚክደው ስለሚጠላት ብቻ አይደለም። ሰው ፊት ትንሽ ሲያፍርባት ይጀምራል፤ ያንን እፍረት በጊዜ ካልዋጠው እሷን ያስክደዋል። እናት ቆማ ሳለች «እናቴ ናት» በሉ!

ይህን የነገረችኝ ናዋል ራሷ ናት። «ትክክል ነበርኩ» ትላለች... ግን ስትናገር ታለቅሳለች።

እስቲ ፍረዱ... የልጃቸውን ስም እየጠሩ ለሚያጣጥሩ እናት ሲባል ለዚያ ልጅ መደወል ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? እናንተ በናዋል ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?