የጥር ለቅሶ

በወደቧ ከተማ ሙቀቱ ሰው መግደል ከጀመረ ወዲህ፣ ከቤት መውጣት የሚፈቀደው በጥር ብቻ ነው። የዓመቱ ሰርግም ለቅሶም በዚያችው ቀዝቃዛ ወር ይደረሳል።

ደብሪቱ ባሏን ያጣችው በግንቦት ነበር፤ በተዘጋ ቤት ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳለች። ጥር በካፊያ ሲገባ ግን እንደ ወጉ ፍራሽ አንጥፋ ጠበቀች።

ጎረቤቷ ይመኙሻል ለሰርግ እንደተኳኳለች፣ ነጠላዋን ደጃፉ ላይ ለለቅሶ ዘቅዝቃ ገባች።

«ይመኙዬ፣ እንባዬ እኮ አልቋል። ሰው ምን ይለኛል?»

«ዝም በይ፣ እኔ ይዤ መጥቻለሁ። ብቻ ቶሎ እናልቅስ፣ ሙሽራዋ ልትወጣ ነው።»

ደብሪቱ ሳቀች። ይመኙሻል ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። ከግንቦት ወዲህ የሰው ገላ ሲነካት ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

ደብሪቱ ጮኻ አለቀሰች።

የሙሽራዋ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በደጅ አለፈ። ይመኙሻል ኩሏ በጉንጯ እየወረደ፣ ፍራሹ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።