ዝንጀሮው የወሰደው ቢጫ ኮፍያ

"እርስዎን እኮ አውቅዎታለሁ!" አለኝ የፓርኩ አስጎብኚ፣ መኪናው ውስጥ እየገባ።

ደነገጥኩ። "ተሳስተህ ይሆናል፣ ወንድሜ…"

"ኧረ አልተሳሳትኩም! የዛሬ ሦስት ዓመት ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር መጥተው… ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ ቢጫ ኮፍያዎን መንትፎዎት! አድርጎት ሲንጎራደድ በሳቅ ልንሞት!"

አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ አልሳቀችም።

ኮፍያውን የሰፋችው እሷ ናት።

እኔ ደግሞ "መንገድ ላይ ነፋስ ወሰደብኝ" ብያት ነበር…

የገጼ ተከታታዮች፣ ሁሌ የሰው ታሪክ ነው የምነግራችሁ። የዛሬው የራሴ ነው። ለዓመታት ደብቄዋለሁ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ በላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል። ቀጭኔ ስላለበት አታወርደውም።

"ለዚህ አንገት ስንት ሜትር ኮሌታ ይበቃዋል?" እያለች ትስቃለች።

"ሥራ ስይዝ በአካል አሳይሻለሁ" አልኳት።

ሥራ ያዝኩ።

"ዘንድሮ መንገዱ ተበላሽቷል፣ እማ… ለከርሞ።"

ከዚያ ወደዚሁ ፓርክ የመሥሪያ ቤት ጉዞ መጣ። አለቃዬ "አንድ ወንበር ተርፏል፣ ቤተሰብ ያለው ያምጣ" አለች።

የእናቴን ስም አላነሳሁም።

እናቴ ድምጿ ጎላ ያለ ነው፤ ካገኘችው ሁሉ ጋር ትቀልዳለች… አፈርኩባት።

"ለሥልጠና ነው የምሄደው" አልኳት። "ፀሐይ እንዳይመታሽ" ብላ የሰፋችውን ቢጫ ኮፍያ በእጇ አደረገችልኝ።

ቀጭኔዎቹን ጠግቤ አየሁ። ወንበሩ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

ከጉዞው በኋላ በሁለተኛው ዓመት የእናቴ ዓይን ጠፋ። ሐኪሙ "ዘግይታችኋል" አለን።

ወደ ፓርኩ ይዣት የመጣሁት ከዚያ በዓመቱ ነው… ዓይኗ ከጠፋ በኋላ!

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

"ቀጭኔዎቹን አይተሻቸዋላ… ጥሩ ነው። እንግዲያው አጣርተሽ ትነግሪኛለሽ።"

ወዲያው አንዲት ቀጭኔ ከግራር ሥር ብቅ አለች። ከመኪናችን አምስት እርምጃ አትርቅም።

ልናገር አፌን ከፈትኩ… እንባዬ ቀደመኝ።

እናቴ ፊቷን ወደ ሌላኛው መስኮት አዙራ ትጠብቃለች።

"መጣች እንዴ፣ ልጄ?"

ማልቀሴ እንዳይታወቅብኝ በአጭሩ መለስኩላት።

"ገና ነው፣ እማ።"

ቀጭኔዋ ሄደች። እኛም ተመለስን። ስለ ኮፍያው አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

በቀብሯ ዕለት ጎረቤታችን አቀፈችኝ።

"እንዴት ትኮራብሽ ነበር መሰለሽ! 'ልጄ ወስዳኝ፣ ቀጭኔዋ ከመቅረቧ የተነሳ ቅጠል ስትበጥስ ሰማኋት' እያለች ስንቴ አወራችልን!"

ሰምታለች…

"ገና ነው" ስላት ቀጭኔዋ እዚያው እንዳለች ታውቅ ነበር።

ካላንደሩ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። ይቅርታ የምጠይቃት ግን የለችም፤ በሕይወት ሳለችም አፍሬ አልጠየቅኳትም።

ትምህርቱ ይሄው ነው፦ እኛ "ለከርሞ" ስንል፣ የወላጆቻችን ዓይን ከርሞን አይጠብቅም።

እናንተስ… አፍራችሁበት ወንበሩን ባዶ ያስቀራችሁት ሰው ማን ነው? አሁንም በሕይወት አለ?