ቁጥር 1007

በሮም ፒኜቶ ሰፈር ባለው የዘርአ ክህነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ሁሉም በየስማቸው የሚገቡበትን ኮምፒውተር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት አለቃው አባ ረዘነ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«የእነዚያን የሦስቱን ቡድን ከኮምፒውተሩ ሰርዢው፤ ፋይላቸውንም ጭምር። አዲሶቹ ዛሬ ይገባሉ።»

ሦስቱን ተማሪዎች በጥር ዝናብ ያባረሯቸው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሱ የጠየቀ የለም።

«ፋይላቸው ምን አደረገዎት?» አልኳቸው።

«አሎራ፣» አሉ በጣሊያንኛ «እንግዲህ» ለማለት፤ «የታዘዝሽውን አድርጊ።»

ቡድኑን ሰረዝኩት። ፋይሎቹን ግን በእልህ ተውኳቸው፤ በፋይሎቹ ላይ በባለቤትነት ተጽፎ በነበረው በቡድኑ ስም ቦታ 1007 የሚል ቁጥር ብቻ ቀረ። ለአዲሶቹ ቡድን ስከፍት ኮምፒውተሩ ያንኑ ቁጥር ሰጣቸው፤ የተባረሩት ልጆች ፋይል በሙሉ የአዲሶቹ ሆነ። አየሁት፤ አላስተካከልኩትም።

በምሳ ሰዓት አዲሶቹ ሦስት ተማሪዎች ከአውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ሮምን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ማንንም ሳይጠይቁ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ተባረሩት ልጆች ክፍሎች ወጡ።

«ክፍላችሁን ማን አሳያችሁ?» አሉ አባ፣ ደረጃው ሥር ቆመው።

ከሦስቱ ኢዮብ የሚባለው ዞር ብሎ ትክ ብሎ አያቸው።

«አባ፣ ያን ቀን በዝናብ ስንለምንዎት በሩን ለምን ቆለፉብን?»