የጋሼ ጓንት ከረጢቶች

ዝናቡ ለአሥራ አንድ ቀን አላባራም። ጂኦሎጂስቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ አነበበ። ሰባተኛው ጉድጓድም ባዶ ነው።

"ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ" አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ሰው ዜሮ ለመቁጠር ይሄን ሁሉ ጭቃ ይረግጣል?"

"ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር" አለች የካምፑ ኃላፊ። "በሁለት ወር ውስጥ ወርቅ ካልታየ ማሽኑን አንሱ፣ ሰዉን በትኑ ብለዋል። አርባ ሰው ነው።"

አንገበገበው። ኮረብታው ላይ ወርቅ እንዳለ ያውቃላ! ባለፈው ዓመት ድንኳን ተክሎ፣ ጫካውን በገጀራ እየመነጠረ የመጀመሪያውን ናሙና የወሰደው እሱ ነው። ሙቀቱና ዝናቡ ድንጋዩን እስከ ሠላሳ ሜትር አበስብሶ ቀይ ሸክላ አድርጎታል። እዚህም እዚያም ብቅ ካለ የነጭ ኳርትዝ ድንጋይ ስብርባሪ በቀር ለዓይን የሚሆን ነገር የለም። ያለው መላ አፈሩን ራሱን መጠየቅ ነው፦ አድርቆ፣ ወንፊት ላይ በመዳፍ እያሹ ነፍቶ፣ የላመውን በከረጢት ወደ ላቦራቶሪ መላክ። ያኔ እሱ ከነፋው መቶ ከረጢት ሰማንያው ወርቅ አሳየ። ካምፑ የተሠራው፣ የመቆፈሪያው ማሽን በጭቃ ተጎትቶ የመጣው በዚያ ውጤት ነው።

ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ ግን ናሙና የሚያዘጋጁት ጋሼ ጓንት ናቸው።

ሠራተኛው እውነተኛ ስማቸውን ትቶ እንዲህ የሚጠራቸው የጎማ ጓንት ከእጃቸው ስለማይለይ ነው። "ሲተኙም አያወልቁት" እየተባለ ይቀለድባቸዋል። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የቆዩ፣ እርጋታቸው ሰው የሚያናድድ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው።

ጂኦሎጂስቱ አንድ ማለዳ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ባልዲ አፈር ዛቀ። አንዱን ለጋሼ ጓንት ሰጠ። ሌላውን እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ነፋ። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የእሱ ከረጢት ወርቅ አለው። የጋሼ ጓንት የለውም።

ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ወደ ናሙናው ክፍል ገባ።

"ያው አፈር፣ ያው ጉድጓድ! እርስዎ እጅ ሲገባ ወርቁ የት ነው የሚሄደው?"

"እኔ ከነፋሁት ላይ ብናኝ ወስጄ አላውቅም፣ አለቃ።"

"ጓንቱን ያውልቁት!"

አወለቁ። ገልብጦ አራገፈው፤ ላብ ብቻ ጠብ አለ። ክፍላቸው ተፈተሸ። ፍራሹ ተገለበጠ፣ ሻንጣው ተዘረገፈ። የተገኘው ሁለት ሱሪ፣ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፍና የጉልበት ቅባት ነው።

"ምንም የለም እኮ" አለች ኃላፊዋ፣ እንደ ማፈር ብላ።

"ሌባ የሰረቀውን ፍራሹ ሥር ያስቀምጣል?"

ጋሼ ጓንት የተዘረገፈ ልብሳቸውን እየለቃቀሙ፣ "መጀመሪያውኑም አልነበረ ይሆናል" አሉ።

ይህችን ሲሰማ ደሙ ፈላ። አንድ ዓመት ሙሉ ወባ፣ አልቅትና ጭቃ የቻለው "አልነበረም" ሊባል ነው? እዚያው በቆመበት አሰናበታቸው።

ሽማግሌው ሻንጣቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ዘወር አሉ። እስከዚያ ቀን አንቱ እንጂ አንተ ብለውት አያውቁም።

"ልጄ፣ በባዶ እጅህ አትንፋ። ይቅርብህ።"

"ለእጄ አይጨነቁ" አላቸው።

ስምንተኛው ጉድጓድ ሲቆፈር ማንንም ወደ ናሙናው ክፍል አላስገባም። ብቻውን አደረቀ፣ ብቻውን አሸ፣ ብቻውን ነፋ። ጣቶቹ እስኪላጡ፣ ክንዱ አልታዘዝ እስኪል ድረስ።

ውጤቱ ሲመጣ ካምፑ በእልልታ ተናወጠ። ወርቅ የሌለበት ከረጢት የለም! ዋናው መሥሪያ ቤት የበተናውን ነገር ሰርዞ ሁለት ተጨማሪ ማሽን ፈቀደ። ሰዎቹ "እኚያ ሽማግሌ ስንቱን በልተውብን ኖሯል!" ተባባሉ።

ጂኦሎጂስቱ ለሚስቱ ደወለ።

"አገኘሁት! አላልኩሽም?"

"እሰይ። ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው? ልጅህ መልክህን ረስታለች።"

"አሁንማ እንዴት ብዬ! ሥራው ገና መጀመሩ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አላወቀም።

ለፍለጋው ገንዘብ ያወጡት ባለሀብቶች የወርቁን ብናኝ ፎቶግራፍ ማየት ስለፈለጉ፣ ጂኦሎጂስቱ ላቦራቶሪው በማጉያ መሣሪያ አይቶ እንዲልክ ጠየቀ። መልሱ የደረሰው አዲሶቹ ማሽኖች በር ላይ በቆሙበት ጠዋት ነው። እጁ በጭቃ ስለተለወሰ ኃላፊዋ ከፍታ አነበበችለት።

"'የላካችሁት ወርቅ ከመዳብና ከብር ጋር ተቀላቅሎ የቀለጠ፣ ባለ አሥራ ስምንት ካራት ነው'" አለችና ቀና ብላ አየችው። "አንድ መስመር ትቀራለች።"

"አንብቢያታ!"

"'ናሙናውን የሚነፋው ሰው እባካችሁ የጋብቻ ቀለበቱን ያውልቅ።'"